ለአንዲት ምሰሶ የጠበበ ክፍል

ባለቤቴ ኢኒድ ከሰው ስታስተዋውቀኝ «ዴዝሞንድ ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቀው አፉን መዝጋት ብቻ ነው» ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበራ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በባቡር ሥራ ላይ ኖሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ያሳለፍኩት በእንግሊዝ ዮርክሻየር ባለች ሐግ ሌን በምትባል ትንሽ ጣቢያ፣ የምልክት ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ እጀታ መሳብ ነበር። ስስበው ራቅ ብሎ ምሰሶ ላይ ያለ የብረት ክንድ ዝቅ ይላል፣ ባቡሩ ያልፋል፤ ስመልሰው ክንዱ ይዘረጋል፣ ባቡሩ ይቆማል። ብዙ ሥልጣን ሰውን ያበላሻል ይላሉ። እኔ ይቺው በቅታኝ ተበላሽቻለሁ።

በእኛ ሰፈር ጡረታ የወጣ ወንድ ወይ እርግብ ያረባል፣ ወይ የጓሮ ሽንኩርት አወፍሮ ይወዳደራል፣ ወይ ትንንሽ ባቡር ይሠራል። እርግብ ያስነጥሰኛል። ሽንኩርት ትዕግሥት ይፈልጋል። ስለዚህ መስመሩ ተዘግቶ ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ፣ ሐግ ሌንን ሰባ ስድስት ጊዜ አሳንሼ ቤቴ ውስጥ ልሠራት ቆረጥኩ።

ኢኒድ የፈቀደችልኝ ከደረጃው ራስ ያለችውን ትርፍ ክፍል ነው። ሰባት ጫማ በስምንት ጫማ ናት። በሯ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ጥግዋን የውሃ ማሞቂያው ቁም ሳጥን ይዞታል፤ የኢኒድ የካውያ ጠረጴዛ ደግሞ መሀል ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር የነበረች ጣቢያ እዚህ ውስጥ ማስገባት ማለት ዝሆንን ሻንጣ ውስጥ ማጠፍ ማለት ነው። ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ።

ቤታችን ድሮ ለባቡር ሠራተኞች ከተሠሩት ተርታ ቤቶች አንዱ ነው። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ እንጋራለን፣ ግድግዳውም ስስ ነው። ከዚያች ክፍል ግድግዳ ወዲያ የሚኖረው ዊልፍ ኦግደን ይባላል። ዊልፍ ከሐግ ሌን ቀጥላ ባለችው ጣቢያ፣ በስካርፉት፣ የምልክት ቤት ሠራተኛ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያወራነው በደወል ነው። እሱ ሲመታ እኔ ጋ ይጮኻል፣ እኔ ስመታ እሱ ጋ። አንድ ምት «ስማኝ» ማለት ነው፤ የሰማ ሰው አንድ ምት ይመልሳል። ሦስት መትቶ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ አንድ መጨመር «የመንገደኛ ባቡር አለኝ፣ ትቀበለኛለህ?» ነው። የሚቀበል ያንኑ ይደግማል፤ የማይቀበል ዝም ይላል። ዊልፍ ጉንፋን ሲይዘው ከምቱ አውቅ ነበር።

ከዚያ ግን አራት ዓመት ሳንነጋገር ኖርን። ጥፋቱ የኔ ነው። ይህችን ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ግን በአንድ ትንፋሽ አነበባችኋት።

የትንንሽ ባቡር ክበባችን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ትርኢት ያሳያል። በዚያ ዓመት ዊልፍ የሠራውን ይዞ መጣ። የራሱን ስካርፉትን አልነበረም የሠራው፤ የኔን ሐግ ሌን ነበር። ድልድዩ፣ አጥሩ፣ የከሰል ክምሩ ሁሉ አለ። በምልክት ቤቴ መስኮት ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ራሰ በራ ሰው አቁሟል። እኔ መሆኔ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን አቅፎ ይስመው ነበር። እኔ መነጽሬን አስተካክዬ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ዊልፍ! የመቆሚያ ምልክቱን ከሐዲዱ በቀኝ ተከልከው እኮ! ምልክት በግራ እንደሚቆም ሕፃን ያውቃል።»

«እሱስ በግራ ነው ደንቡ። ይሄኛው ግን በቀኝ ነበር ዴዝ» አለ በለሆሳስ።

«ሃያ ሁለት ዓመት እጀታውን የሳብኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«አንተ ነህ።»

«ታዲያ ከስካርፉት መጥተህ ሐግ ሌንን ልታስተምረኝ ነው?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቁ ጣፈጠኝና ሻይ የያዙትን የክበቡን ሊቀመንበር ጠርቼ ደግሜ አሳየሁ። ዊልፍ ትርኢቱ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሐግ ሌንን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም አፈራርሷት ሐዲዱን ለክበቡ ሰጠ ሲሉ ሰማሁ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ሲመለጥ እንኳ ኢኒድ ነግራኝ ነበር።

በዓመቱ የራሴን ንድፍ ልጀምር ስል የጣቢያው አጥር ቀለም ጠፋብኝ፤ አረንጓዴ ይሁን ቡናማ። የኢኒድን የፎቶ ቆርቆሮ ሳጥን አወረድኩ። አንድ ፎቶ አገኘሁ፦ በንግሥቲቱ የንግሥና ኢዮቤልዩ፣ በፈረንጆቹ 1977፣ ኢኒድና የዊልፍ ሚስት ሚዩሪየል የወረቀት ባርኔጣ አጥልቀው፣ ኬክ ይዘው፣ ድልድዩ አጠገብ ይስቃሉ። ከኋላቸው የመቆሚያ ምልክቱ ቆሟል። በቀኝ።

ፎቶው ተገላብጦ ታትሞ ይሆናል አልኩ። ወደ መስታወቱ ወስጄ አየሁት። ተገላብጦ እንዳይሆን የጣቢያው ስም ከኢኒድ ባርኔጣ በላይ በትክክል ይነበባል።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ምልክት አንድም ቀን ከቦታዬ አይቼው አላውቅም። ድልድዩና ኩርባው ይጋርዱታል። እኔ የማየው ከእጀታው በላይ ያለችውን፣ ክንዱ ሲነሳና ሲወድቅ የምትከተለውን ትንሽ መርፌ ብቻ ነበር። ኩርባው ላይ ነጂው ከሩቅ እንዲያየው ብለው በቀኝ ተክለውታል። ዊልፍ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ጠዋትና ማታ በብስክሌት በሥሩ ያልፍ ነበር። እኔ መርፌ ሳይ፣ እሱ ምሰሶውን ያይ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ደረጃውን ወርዶ፣ ስድስት እርምጃ ሄዶ፣ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል። እኔ እርሳስና ላጲስ አነሳሁ።

ነገሩ ይኸውላችሁ፦ ምልክቱን በግራ ብተክለው ውሸት ነው፤ በቀኝ ብተክለው የክበቡ ሰው ሁሉ አይቶ ሊስቅብኝ ነው። ስለዚህ ክፍሏ እንዳትበቃው አደረግኳት። በመጀመሪያው ንድፍ ጣቢያዋን መስኮቱ ሥር አደረግኩ፤ ክፍሏ ድልድዩ ላይ አበቃች፣ ምልክቱም ከግድግዳው ውጭ ቀረ። ያሳዝናል፣ ምን ይደረግ፣ ቦታ የለም! በሁለተኛው ጣቢያዋን አዞርኳት፤ ምልክቱ የሚቆምበት ቦታ ልክ የበሩ መክፈቻ ላይ ዋለ። በሦስተኛው የውሃ ማሞቂያው ቁም ሳጥን ዋጠው። ንድፍ በንድፍ ላይ ሣልኩ፤ ሦስት ዓመት ሄደ። አንዳንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ የዊልፍ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ይሰማኛል። አንድ ጠዋት፣ መጋቢት ላይ ነው፣ ሦስተኛውን ንድፍ ስሥል ግድግዳው አንዴ ዷ አለ። «ዊልፍ ሚስማር እየመታ ነው» አልኩና ላጲሴን አነሳሁ።

በዚያ ሰሞን ሚዩሪየል አረፈች። ቀብሩ ላይ ኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ሲያልቅ የዊልፍን እጅ ጨብጬ «ጥሩ ሴት ነበረች» አልኩት፤ ሳንድዊቹ ሳይቀርብ ወጣሁ። ኢኒድ ግን እስከ ማታ ቆይታ ዕቃ አጥባ መጣች።

የንድፎቼ ሌላው ጉድ ሁሉም ሁለት ሰው መፈለጋቸው ነው። ከሐግ ሌን የተነሣው ባቡር በካርቶን ከሚሠራው ኮረብታ ጀርባ ይገባል፤ እዚያ፣ በዊልፍ ግድግዳ ሥር፣ የሚቀበለውና መልሶ የሚልከው ሰው መኖር አለበት። ያ ቦታ ስካርፉት ነው። ለብቻዬ ልሠራት የነበረችውን ባቡር እጄ ሳይጠየቅ ለሁለት ሠራት። አንድ ከሰዓት በኋላ ንድፉን ወለሉ ላይ ዘርግቼ፣ ኢኒድን ከኮረብታው ጀርባ በሚሆነው ቦታ አስቀምጬ፣ በብርጭቆና በማንኪያ እንድትመታልኝ ቁጥሮቹን አስጠናኋት። ጥቂት ቆይታ ስድስት ጊዜ መታች። ስድስት ምት «አደጋ! ሁሉን አቁም!» ነው። ወረቀቱ ላይ በጣቴ የምገፋውን ባቡር አቆምኩ፣ የሌሉትን እጀታዎች ሁሉ መለስኩ።

«ምን ሆነ? ምን ተፈጠረ?»

«ሻዩ ቀዘቀዘ» አለች። «ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው ወይ እዚህ የምቀመጠው? ለዚህ ሥራ ሰው አለው፤ ሂድና ጥራው።»

ያን ቀን ሰባቱንም ንድፎች አውጥታ የካውያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ዴዝ፣ ሰባቱም ድልድዩ ላይ ነው የሚያበቁት።»

«ክፍሏ ጠባብ ናት የኔ እመቤት።»

«የጣቢያ ኃላፊውን ጎመን አስገብተሃል።»

«ጎመኑ የታወቀ ነበር።»

«ሽንት ቤቱንም አስገብተሃል፣ ከነበሩ።»

«ያለ ሽንት ቤት ጣቢያ ይሆናል?»

«እና የክብሪት እንጨት የምታህል አንዲት ምሰሶ ናት ቦታ ያጣችው?»

ላጲሴን መፈለግ ጀመርኩ። እሷ ፎቶውን ከመደርደሪያዬ ሥር፣ ከደበቅኩበት፣ አወጣች።

«እዚህ ፎቶ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከኋላዬ ምን ቆሞ እንደነበር የማላውቅ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ተነግሮህ ያውቃል?»

 ስምንተኛውን ንድፍ በዚያው ሳምንት ሣልኩ። ጣቢያዋን አራት ጣት ያህል ወደ ቁም ሳጥኑ ገፋ ሳደርጋት ሁሉም ነገር ገባ፤ ድልድዩም፣ ኩርባውም፣ ምልክቱም። ሦስት ዓመት የደከምኩት ለአራት ጣት ነው። ኮምፖርሳቶ ቆረጥኩ፣ ሐዲድ ዘረጋሁ፣ እስከ ፋሲካ ባቡር ሄደ። ምልክቱን መጨረሻ ላይ ተከልኩት። በቀኝ። ከዚያ ደረጃውን ወርጄ የዊልፍን በር ላንኳኳ ወጣሁ፤ አየሩ ቀዝቅዟል ብዬ ኮት ልለብስ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ኮቱን ለብሼ ምሳ በላሁ። ኢኒድ አየችኝና ዳቦ ጨመረችልኝ።

የቀረው ደወሉ ነበር። የምልክት ቤቴ ሲፈርስ የነሐስ ደወሌን ከባቡር መሥሪያ ቤቱ ሽያጭ ገዝቼው፣ ከሰል ማስቀመጫው ውስጥ ዓመታት ተኝቷል። አጸዳሁትና ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ዊልፍ ሃያ ሁለት ዓመት የመታው ይህንኑ ደወል ነው፤ ሆኖም ከስካርፉት ሆኖ ስለሚመታው ድምፁን አንድም ቀን አልሰማውም። ስለዚህ ቢሰማም አያውቀውም ብዬ ተጽናናሁ። ለሙከራ አንድ ጊዜ መታሁት።

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ምት ተመለሰ።

ቁጭ ልበል ብዬ የካውያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱም ተጣጠፈና ጣለኝ። ኢኒድ ከታች «ምን ሰበርክ?» ብላ ጮኸች። እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ ግድግዳውን አያለሁ። ገባኝ፤ የምልክት ሰው «ስማኝ» ሲባል አለመመለስ አይችልም። ተኝቶም ቢሆን፣ ተቀይሞም ቢሆን፣ እጁ ራሱ ይመልሳል። ይህን ሳስብ ያቺ የመጋቢት ጠዋት ትዝ አለችኝ፤ ግን አለፍኳት።

ተነሣሁና ሦስት መትቼ አንድ ጨመርኩ፦ ትቀበለኛለህ?

ዝም።

እንደገና መታሁ። ዝም። ማንቆርቆሪያው እንኳ አላፏጨም። መስማትስ ሰምቶኛል፤ መንገድ ግን አልሰጥም ነው የሚለኝ። መብቱ ነው።

ይቅርታ የሚባል ቁጥር በደወል የለም፤ ባቡር ይቅርታ አይጠይቅም። ሌላ ሰው በአፉ ይላል። እኔ ግን አፌን እንደ ልቤ የማምነው ጊዜ አልፏልና፣ ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠውን የድሮ ደንብ መጽሐፍ አውርጄ ገጽ በገጽ ፈለግኩ። ላም ሐዲድ ላይ ስትገባ ቁጥር አለው። የባቡር በር ተከፍቶ ሲያልፍ ቁጥር አለው። ገጹ ግርጌ ላይ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ የተጠቀምኩበት አንድ ቁጥር አገኘሁ። አምስት፣ ትንፋሽ፣ ሦስት። ትርጉሙ፦ «ቀድሞ የነገርኩህ ባቡር በስህተት ተገልጿል።»

አምስት መታሁ። ትንፋሽ ወሰድኩ፤ ረጅም። ሦስት መታሁ።

ብዙ ቆየ። ከዚያ የዊልፍ ደረጃ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ በሩ ተከፈተ፤ የኛ በር ተንኳኳ።

«ግባ እንጂ ዊልፍ! ቤቱን ረሳኸው?» አለች ኢኒድ። «ሰውዬህ እላይ ነው። ከመጽሐፉ ጋር።»

ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወጣ። ከስቷል። ክፍሏ ሁለት ሰውና ሐግ ሌንን በአንድ ላይ አትችልምና እኔ ከበሩ ጀርባ ተለጠፍኩ። ጎንበስ ብሎ ድልድዩን አየ፤ ጎመኑን አየ፤ በመጨረሻ ምልክቱን አየ።

«በቀኝ» አለ።

«በቀኝ።»

«ትንሽ ረዝሟል።»

«ምኑ ረዝሟል! ለክቼው እኮ ነው፣ እንዲያውም» ማለት ጀመርኩና፣ ከታች ኢኒድ ስታስል ስለሰማሁ አፌን ዘጋሁ።

ዊልፍ አልሳቀም። ግድግዳውን በመዳፉ ነካ፤ የራሱን ቤት ግድግዳ በዚህ በኩል አይቶት አያውቅም።

«ያኛውን ምትስ ሰምተኸው ነበር?» አለኝ።

«የቱን?»

«ሚዩሪየል የሄደች ጠዋት። አምቡላንስ ጠርቼ ነበር፤ እስኪመጡ ብቻዬን ነበርኩ። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። አንድ ምት ሰጠሁህ።»

«ሚስማር እየመታህ መስሎኝ...»

አየኝ። ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው።

«ሚስማር በአንድ ምት ይገባል ዴዝ?»

«አይገባም» አልኩ። «ሰምቼህ ነበር ዊልፍ። ምት መሆኑንም አውቄያለሁ። ልመልስ እጄን አነሳሁና አፈርኩ። ብመልስ ስለ ምልክቱ ማውራት ይመጣል ብዬ ነው። ለዚች ምሰሶ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

ይህን ከየትኛውም ገጽ አላነበብኩትም። ሽማግሌ ሰው ከበር ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ፤ እጄን እንዳልዘረጋ እንኳ በሩ ይዞኛል።

ዊልፍ እጁን ኪሱ ከትቶ የክብሪት ሳጥን አወጣ። ከፈተው። ያ የባቄላ ፍሬ የሚያህለው ራሰ በራ ሰውዬ በጥጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በወፍራም ጣቶቹ አንሥቶ በምልክት ቤቴ መስኮት አስገባውና ሐዲዱን እንዲያይ አቆመው። ትንሽ አሰበና በጥፍሩ ገፋ አድርጎ አዞረው።

«ጆሮው ወደኔ ግድግዳ ይሁን» አለ።

ሻዩን ጠጣ፣ የኢኒድን የዝንጅብል ኬክ በላ፣ ስለ አጥሩና ስለ ኩርባው ሁለት ስህተት ነገረኝ። በሁለቱም ልክ ነበር። ኮረብታው ጀርባ ግን አልቀመጥም አለ፤ ጉልበቱ የኛን ደረጃ አይወድም። ከቤቱ ሆኖ በግድግዳው እየመታ ነው የሚሠራው። ባቡሮቹን አያያቸውም። ሲደርሱ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይቀበላል።

ከባቡሩ ሰዓት ውጭ የሆነ አንድ ምት ግን አለ። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዊልፍ በኩል ይመጣል። ሚዩሪየል ባረፈች ቀን አምቡላንሱ የደረሰው ሁለት ሰዓት ከሩብ እንደነበር ኢኒድ ነግራኛለች፤ ዊልፍ አንሥቶት አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ፊቴን እየተላጨሁ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ነበርኩ። ሳሙናው ከነአረፋው ጉንጬ ላይ እያለ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ያቺን ደረጃ እወጣለሁ። ኢኒድ «አንገትህን ትሰብራለህ አንተ ሰውዬ!» ትላለች። እደርሳለሁ፤ መልሱን እመታለሁ።